የብየዳ መሣሪያ ለቤት ሲገዛ

ስለ ስፌት መኪናና ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድ አመራረጥ መመካከር የተለመደ ነው። የብየዳ መሣሪያ ግን የባለሙያ ዕቃ ብቻ ተደርጎ ይታይ ነበር። ዛሬ በአንድ እጅ የሚንጠለጠሉ መሣሪያዎች በገበያ ላይ ስላሉ፣ የግቢ በር ወይም የአልጋ እግር ራሱ መጠገን የሚወድ ሰው በወልድያም ሆነ በመርሳ «አንድ እንግዛ» ማለቱ አይቀርም። ገንዘቡ የሚወጣው ከቤት ወጪ፣ እሳቱም የሚፈነጥቀው ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ስለሆነ ምርጫው የቤተሰቡ ሁሉ ጉዳይ ነው። ሥራውም ቢሆን የወንድ ብቻ አይደለም፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ የመርከብ መሥሪያዎች ብዙ ሴቶች በበያጅነት ሠርተዋል።

በየጋራዡ የምናየው የተለመደው ብየዳ በኤሌክትሮድ የሚሠራው ነው። ሚግ የሚባለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ የተሠራ ዘዴ ሲሆን፣ ቀጭን ሽቦ ከጥቅልሉ እየተፈታ በእጀታው በኩል ሳይቋረጥ ይወጣል። የስፌት መኪና ክሩን እንደሚስበው ማለት ነው። እጅ ቶሎ ይለምደዋል። አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለውን ላሜራና ስስ ቱቦላሬም፣ ጀማሪ በኤሌክትሮድ ሲሞክረው የሚበሳውን፣ በደንብ ይይዛል።

ታዲያ ከመግዛት በፊት ሦስት ጥያቄዎች ሊጠየቁ ይገባል።

አንደኛው፣ የቤቱ መስመር ይችለዋል ወይ? የሚል ነው። የእንጀራ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ያህል ይስባል። ትንሽ ሚግ በ100 አምፔር ሲበይድ ወደ ሁለት ኪሎ ዋት ተኩል ይጠጋል። ስለዚህ እንጀራ እየተጋገረ በዚያው መስመር መበየድ አይቻልም። «200 አምፔር» የሚል ጽሑፍም አያጓጓ፤ በዚያ ልክ ቢሠራ ከተራ ሶኬት አቅም በላይ ነው። መሣሪያው ስንት ቮልት ድረስ ዝቅ ቢል እንደሚሠራ ይጠየቅ፤ መብራት በሚዋዥቅበት ቦታ ይህ ከአምፔሩ ይበልጣል። በላዩ 30 ከመቶ ተብሎ ከተጻፈም፣ በዚያ ኃይል ከአሥር ደቂቃ ሦስቱን ሠርቶ ሰባቱን ማረፍ አለበት ማለት ነው።

ሁለተኛው፣ ሽቦውና ጋዙ ሲያልቅ ከየት ይመጣል? የሚለው ነው። ሚግ ብረቱን ከአየር የሚጠብቅለት አርጎን ወይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስፈልገዋል። ሲሊንደሩ ራሱ ውድ ነው፤ መሙያው ሩቅ ከሆነም መሣሪያው የማዕዘን ጌጥ ሆኖ ይቀራል። በሐብሩ ቆላ ሰው የሚበይደው ግቢ ውስጥ፣ ነፋስ ላይ ነው፤ ነፋስ ደግሞ ጋዙን ይበትነዋል። ስለዚህ ያለ ጋዝ የሚሠራ፣ ውስጡ ዱቄት ያለበት ሽቦ የሚቀበል፣ ኤሌክትሮድም የሚያስኬድ ባለ ሁለት አገልግሎት ኢንቨርተር ለቤት ይበልጥ ይስማማል። ሽቦው ባይገኝ ኤሌክትሮድ አይጠፋም። ያለ ጋዝ በሚሠራበት ጊዜ የሁለቱ ገመዶች ፖላሪቲ እንደሚቀያየር ሻጩ ያሳይ።

ሦስተኛው፣ ዓይንን የሚጠብቀው ምን አለ? የሚለው ነው። ከጥቁር ቁጥር 10 በታች ያልሆነ የብየዳ ጭምብል፣ የቆዳ ጓንትና ወፍራም የጥጥ ልብስ ከመሣሪያው ጋር በአንድ ቀን ይገዙ። ገንዘብ ካነሰ የሚቀነሰው ከመሣሪያው እንጂ ከጭምብሉ አይሁን። የፀሐይ መነጽር አያድንም። የብየዳ ብርሃን ሲያዩት አያምም፤ ከሰዓታት በኋላ ግን፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት፣ ዓይን አሸዋ እንደገባበት ይቆረቁራል፣ ያነባል። ቆሞ የሚያይ ሕፃንም ከበያጁ እኩል ይጎዳል። በዚህ ጊዜ ወተት ማንጠብ ወይም ድንች ማሰር ትቶ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ሥራው ሲጀመር ልጆች ከቤት ይግቡ፣ መጋረጃም ይጋረድ።

እናቶች ልብ ሊሉት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ ወይም ቧንቧ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ ያሰኛል፣ ያተኩሳል። እንደ መርሳ ወባ በሚያሰጋው ቆላ ይህ በቀላሉ ወባ ሊመስል ይችላል። የታመመው ሰው የደም ምርመራውን ያድርግ፤ ለሐኪሙም ዚንክ ሲበይድ መዋሉን ይንገር። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከመበየድ በፊት ልባጡን ከመገጣጠሚያው ፍቆ ማንሳት፣ በዝግ ክፍልም አለመሥራት ነው።

ለመጀመሪያው ወር የወዳደቀ ቁርጥራጭ ብረት ይበቃል። መሰላል፣ የሕፃን አልጋና ሰው የሚሸከም ማንኛውም ነገር እጅ እስኪፈታ ድረስ ለሠለጠነ በያጅ ይተው።