የሩባርብ ቅጠል ጎመን አይደለም

ጎምዛዛ አገዳው የሚበላው ሩባርብ የተባለ ተክል በካልሲየሙ አጥንት ያጠነክራል፣ ቅጠሉም እንደ ጎመን ተቀቅሎ ይበላል የሚለው ሰሞነኛ ጽሑፍ ግማሹ የተጋነነ፣ ግማሹ አደገኛ ነው።

በ100 ግራም ጥሬ የሩባርብ አገዳ ውስጥ 86 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን አብሮት ያለው ኦክሳሌት የተባለ ንጥረ ነገር አስሮ ስለሚይዘው ሰውነታችን የሚያገኘው ጥቂቱን ብቻ ነው።

ቅጠሉማ መርዝ ነው! በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ብሪታኒያ ውስጥ አትክልት ሲያጥር ቅጠሉ እንዲበላ ተመክሮ ነበር፤ ምክሩን ተከትለው የበሉ ሰዎች ተመርዘው ሞተዋል።

አገዳውን አልነቅፍም፤ ፋይበርና ቫይታሚን ኬ አለው። ጎምዛዛነቱን ለማብረድ ስኳር ሲከመርበት ግን ጥቅሙ ይቀንሳል። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳያማክር አይብላው።

አገዳውን አብስላችሁ ብሉ፤ ቅጠሉን ቆርጣችሁ ጣሉ።