የወረፋው አማካይ የሚደብቀው

ከዴራ ሪፈር ተጽፎልዎት ወደ አሰላ ወይም ወደ አዳማ ከሄዱ፣ ከመንገዱ ይልቅ የሚያደክምዎት የካርድ ክፍልና የላብራቶሪ ወረፋ ሊሆን ይችላል። ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2012 የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የጥራት ጥምረትን ሲያቋቁም በታካሚዎች እርካታ ነበር የጀመረው፤ ሆስፒታሎችም ታካሚ የሚጠብቅበትን ጊዜ ይለካሉ።

መለካቱ መልካም ነው፤ አማካዩ ግን ያታልላል። ዘጠኝ ሰዎች 10 ደቂቃ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ደግሞ ሦስት ሰዓት ተኩል ቢጠብቁ፣ ሪፖርቱ «በአማካይ 30 ደቂቃ» ይላል። እሷ አትታይም።

አሜሪካዊው ዋልተር ሹሃርት እ.ኤ.አ. በ1924 ለፋብሪካ ያዘጋጀው የቁጥጥር ግራፍ እዚህ ይረዳል፤ የየቀኑን ጥበቃ በተርታ አስፍሮ የተለመደውን ውጣ ውረድ ከእንግዳው ይለያል። ወረፋው ሰኞ ሰኞ የሚረዝም ከሆነ የቀጠሮ አሰጣጡ ይፈተሻል። አንድ ቀን ብቻ ከረዘመ መብራት ጠፍቶ ወይም ማሽን ተበላሽቶ ይሆናል። በሁለቱም የካርድ ክፍል ሠራተኛዋን መቆጣት አይጠቅምም።

የደረሱበትንና ሐኪም ያየዎትን ሰዓት ይያዙ። የእርካታ መጠይቅ ሲሰጥዎት «ጥሩ ነው» ብለው አይለፉት፤ ሰዓቱን ይንገሯቸው። ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም ብዙ ደም ከፈሰሰዎት ግን ተራ አይጠብቁ፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይግቡ።