ደመ ከልብ

ጥበቃ ሥራ ነው፤ ማንም ሠርቶ ይብላ። ግን ገድሎ የማይጠየቅ ጠባቂ ምን ይባላል? እ.ኤ.አ. መስከረም 2007፣ እኛ ሚሌኒየማችንን በተቀበልን በአምስተኛው ቀን፣ የአሜሪካ ዲፕሎማቶችን የሚጠብቀው የብላክዋተር ኩባንያ ቅጥረኞች ባግዳድ ኒሱር አደባባይ ላይ 17 ሲቪሎችን ገደሉ። የኢራቅ ዳኛ እንዳይነካቸው አሜሪካኖቹ በ2004 ባወጡት ትዕዛዝ ቁጥር 17 ከለላ ሰጥተዋቸው ነበር። አሜሪካ ውስጥ በ2014 አራቱ ጥፋተኛ ተባሉ፤ እሰየው ሲባል በ2020 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ምሕረት አደረጉላቸው። የ2008ቱ የሞንትሮ ሰነድስ? መንግሥታትን ይመክራል እንጂ አያስገድድም። ምክር ደግሞ ጥይት አያቆምም! ቅጥረኛ በገደለበት አገር ይዳኝ፤ የቀጠረው መንግሥትም አብሮ ይጠየቅ። አለዚያ የሟች ደም ደመ ከልብ ሆኖ መቅረቱ ነው።