«ጨጓራ ነው» ከማለታችን በፊት

በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂም ሆነ በባቱ አንድ ሰው ደረቱን ይዞ ሲያቃስት ከአጠገቡ በብዛት የሚሰማው ቃል «ብርድ መትቶት ነው» ወይም «ጨጓራው ተነሥቶበት ነው» የሚል ነው። ከዚያ ትኩስ ነገር ይጠጣል፤ ጀርባው ይታሻል፤ እስኪነጋ ይጠበቃል። ግምቱ ልክ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። በሚሳሳትበት ዕለት ግን ዋጋው ሕይወት ነው።

«ሃርት አታክ» የሚባለው ድንገተኛ ሕመም የሚከሠተው ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርስ ቧንቧ በረጋ ደም ሲደፈን ነው። ጡንቻው ከ20 ደቂቃ ያህል በኋላ መሞት ይጀምራል፤ ጉዳቱም በሰዓታት ውስጥ ይስፋፋል። የሞተው ጡንቻ ደግሞ ወደ ቀድሞው አይመለስም።

ፈጥኖ የማከም ጥቅም በጥናት የተረጋገጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ውጤቱ የታተመው ኢሲስ 2 የተባለ ጥናት 17,187 ሕመምተኞችን አካቶ ነበር። በአምስት ሳምንት ውስጥ በልብና በደም ቧንቧ ምክንያት የሚደርሰውን ሞት አስፕሪን በ23 በመቶ፣ የረጋ ደም የሚያሟሟው ስትሬፕቶካይኔዝ በ25 በመቶ፣ ሁለቱ በአንድነት በ42 በመቶ ቀንሰዋል።

ዛሬ የሚመረጠው ሕክምና ቧንቧውን በቀጭን ቱቦ መክፈት ነው። ይህ ግን ሕመሙ በምርመራ ከታወቀ በኋላ በ120 ደቂቃ ውስጥ ሊደረስበት ይገባል፤ አገልግሎቱም በአመዛኙ የሚገኘው በአዲስ አበባ ነው። «የፍጥነት መንገድ አለን» የሚሉ ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው መንገድ አዳማን ለመዲናዪቱ ማቅረቡ እውነት ነው። ሆኖም አምቡላንስ መጠበቁ፣ የከተማው መጨናነቅና የሆስፒታሉ ዝግጅት ሲደመሩ ሰዓቱ ያልቃል። ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ለምትርቀው ሻሸመኔማ ስሌቱ ከመነሻው አይሠራም።

ስለዚህ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ያሉ ሆስፒታሎች ሕመምተኛውን ከመላካቸው በፊት ማከም መቻል አለባቸው እንላለን። ደረቱን ያመመው ሰው በደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ ይነሣ፤ የሚያሟሟው መድኃኒትም በቅርብ ይኑር። መድኃኒቱ ውድ ነው፤ ደም የማፍሰስ አደጋም አለው። ኢሲጂ አንብቦ ለማን እንደሚሰጥና ለማን እንደማይሰጥ የሚለይ ባለሙያ ከመድኃኒቱ ቀድሞ መሠልጠን ያለበት በዚሁ ምክንያት ነው። የአዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅን የመሰሉ ተቋማት በዚህ ሥልጠና ፊታውራሪ ሊሆኑ ይገባል።

የመጀመሪያው ሰዓት ግን ያለው በእናንተ በአንባቢዎቻችን ቤት ነው። ደረትን የሚጫን፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ፣ ከቀዝቃዛ ላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር የሚመጣ ሕመም አይናቅ። በሴቶች፣ በአረጋውያንና በስኳር ሕመምተኞች ላይ ምልክቱ ደብዛዛ ሊሆን ይችላል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራ፤ ሕመምተኛው ራሱ መኪና አይንዳ። አስፕሪን የማይስማማው ወይም የሚደማ ቁስል ያለበት ካልሆነ፣ ባለሙያ ሲፈቅድ አስፕሪን ያኝክ።

ጨጓራ ነው ወይስ ልብ የሚለውን ፍርድ ለጎረቤት ሳይሆን ለኢሲጂ እንተውለት።