«ጠንካራ ናት» ማለት ልጅ አይዝላትም

ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው እንበል። የኮሶዬ ልጅ ናት። አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን አቋርጣ ተዳረች። አሥራ ዘጠኝ ሲሞላት ወለደች። ባሏ ለሰሊጥ ሥራ መተማ እንደ ወረደ በዚያው ቀረ። እሷ ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ጎንደር ወርዳ የአጭር ጊዜ ሥልጠና ወሰደች፤ አሁን አንድ መደብር ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆና ሥራ ጀምራለች። ሦስት ዓመት የሞላው ልጇ ኮሶዬ፣ አያቱ ዘንድ ነው።

ይህች ሴት ስም የላትም፤ ምክንያቱም አንዲት አይደለችም። ከወገራ፣ ከዳባትና ከደባርቅ ወደ ጎንደር ከሚወርዱት ወጣት እናቶች መካከል ብዙዎቹ ታሪኳን እንደ ራሳቸው ያውቁታል። ሰፈርተኛው ሲያያት «ጀግና ናት፣ ጠንካራ ናት» ይላል። ምስጋናው ከልብ ነው። ችግሩ አመስጋኙ ሁሉ ከምስጋናው በኋላ ወደየቤቱ መግባቱ ነው።

ስለ እነዚህ ሴቶች በተነሣ ቁጥር ወሬው ወይ ስለ ጥንካሬ ነው ወይ ስለ ነውር። መጠየቅ ያለበት ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ እሱም በጣም ተራ ጥያቄ ነው፦ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ ማታ 11፡30 ድረስ ልጁን ማን ይዞታል?

ኮሶዬ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት። ለመኪና ቅርብ ትመስላለች። በየቀኑ ተመላልሶ ለመሥራት ግን የደርሶ መልሱ ሒሳብ ከአዲስ ሠራተኛ ደመወዝ ጋር አይገጥምም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ጦርነት ደግሞ መንገዱ ራሱ የሚታመን አልሆነም። መንገድ ሲዘጋ ነጋዴው ዕቃው ይቆምበታል። ለዚህች እናት ግን የሚቆመው ዕቃ አይደለም፤ እሷ ወዲህ፣ ልጇ ወዲያ ይቀራሉ።

«ታዲያ ጎንደር ቤት ተከራይታ ልጇን ለምን አትወስደውም?» የሚል አይጠፋም። ትውሰደው። ከዚያስ? ሞግዚት መቅጠር ሊኖርባት ነው። ከእሷ ደመወዝ ላይ ተቀንሶ የሚከፈላት ሞግዚት ብዙ ጊዜ ማን ናት? ራሷ ከገጠር የመጣች፣ ትምህርቷን ያቋረጠች የአሥራ አራትና የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት። አንዲት ወጣት እናት አዲስ ሥራ እንድትጀምር ሌላ ታዳጊ ከትምህርት ቤት ትቀራለች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያቺም ልጅ ልጅ ታቅፋ ተመሳሳዩን ጥያቄ ትጠይቃለች።

«ድሮስ ቢሆን አያት አልነበረችም እንዴ?» የሚለውም መልስ ይፈልጋል። አያት አለች። ነገር ግን ዕድሜዋን ማስላት ያስፈልጋል። በ2016 (እ.ኤ.አ.) የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ግማሾቹ 17.1 ዓመት ሳይሞላቸው ማግባታቸውን አሳይቷል። የአማራ ክልል አሐዝ ደግሞ ከአገሪቱ ዝቅተኛው ነበር። እንግዲህ የኮሶዬዋ አያት ምድጃ ዳር የተቀመጠች አሮጊት አይደለችም። የአርባ ዓመት ሴት ናት። ውኃ ትቀዳለች፣ ገብስ ታርማለች፣ ኩበት ትጠፈጥፋለች፣ ገበያ ትወጣለች፤ ምናልባትም የራሷ ትንሽ ልጅ አላት። «አያቱ ትያዘው» ማለት የአንዲቱን ሸክም አንሥቶ ለሌላዋ ማሸከም ነው። ሸክሙ አልቀነሰም፤ የተለወጠው ተሸካሚዋ ብቻ ናት።

መሬትስ? በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ አብሮ ይሰፍራል። ይህ ለሴቶች ትልቅ ድል ነው፤ የተፋታች ሴት ባዶ እጇን ከቤት እንዳትወጣ ያደረገ ሥራ ነው። ሆኖም በደጋው በሬ ጠምዶ ማረስ የወንድ ሥራ ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ወንድ የሌላት ሴት መሬቷን ለእኩል ትሰጣለች። ከራሷ ማሳ የምታገኘው የምርቱን ግማሽ ወይም ከዚያ ያነሰውን ነው። ጎንደር የወረደችው መሬት ጠልታ አይደለም። መሬቱ ብቻውን እሷንና ልጇን ስለማያኖር ነው።

አባትየውም ከሕግ አልወጣም። የክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ወላጅ ልጁን የመቀለብ ግዴታ እንዳለበት ያስቀምጣል። አባትየው የወር ደመወዝተኛ ቢሆን ፍርድ ቤት ከደመወዙ እንዲቆረጥ ያዝዛል። የሰሊጥ እርሻ የቀን ሠራተኛ ሲሆን ግን ከምን ላይ ይቆረጣል? መጥሪያውንስ ማን ያደርስለታል? እሷ አምባ ጊዮርጊስ ለቀጠሮ በተመላለሰች ቁጥር የቀን ሥራዋ ይቀርባታል። በቀለብ ላገኘው የምትችለውን በቀጠሮ ታጣዋለች።

አዲስ ሥራ የጀመረ ሰው ደግሞ ገና በፈተና ላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊደርስ እንደሚችል ይደነግጋል። በእነዚህ ቀናት አሠሪው «ለሥራው አትመጥንም» ካለ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ሊያሰናብታት ይችላል። ይኸው አዋጅ ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ጥሩ ነው። ነገር ግን የኮሶዬዋ ልጅ የወለደችው ሥራ ከመያዟ በፊት ነው። የወሊድ ፈቃዱ አልደረሰላትም፤ የሙከራ ጊዜው ግን ደርሶባታል። የሦስት ዓመት ሕፃን በ60 የሥራ ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ትኩሳት እንዳይነካው ማን ዋስ ይሆናል?

ሌላም በር አለ፤ የዓረብ አገር በር። በ2015 ዓ.ም. መንግሥት ለሳዑዲ ዓረቢያ የቤት ሠራተኞች ምልመላ በየክልሉ ሲቀሰቅስ ከተመዘገቡት መካከል እናቶች አልነበሩም ብሎ የሚከራከር ያለ አይመስልም። እዚያ የሰው ልጅ ታሳድጋለች፤ የራሷን ልጅ በስልክ ታየዋለች። ይህን «የሥራ ዕድል» ብሎ ብቻ መጥራት ከሒሳቡ ግማሹን መደበቅ ነው።

ታዲያ ይህ የማይፈታ ችግር ነው? አይደለም። ማስረጃው ሩቅ አይደለም፤ ኮሶዬ ውስጥ አለ።

እ.ኤ.አ. በ1954 ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አብሮ ማሠልጠን ጀመረ። ሐሳቡ በሽተኛው ወደ ከተማ እስኪመጣ አትጠብቁ፣ ወደ ሕዝቡ ሂዱ የሚል ነበር። ኮሶዬ ከዚያ ሥራ ጋር የተያያዘ ታሪክ አላት። ዴኒስ ካርልሰንና አንድሩ ካርልሰን የመንደሪቱን ጤና፣ ሀብትና የቤተሰብ ኑሮ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 2007 የዳሰሱበት መጽሐፍ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሟል።

ከዚያ በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም መጣ። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች ከየአካባቢያቸው ተመልምለው፣ አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ ለእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ሁለት ሁለት ሆነው በመንግሥት ደመወዝ ተመደቡ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከ30 ሺህ በላይ ሆነ። ስለዚህ ፕሮግራም ሲወራ የሚነገረው ስለ ክትባትና ስለ መጸዳጃ ቤት ነው። ያልተነገረለት ነገር አለ፦ ሥራው ሴቷ ወዳለችበት መጣ። ልጅ ያላት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጎረቤቷን፣ እናቷንና የልጇን ትምህርት ቤት ሳትለቅ ባለሙያ ሆነች። ሥራው ቀላል ነው፣ ደመወዙም በቂ ነው ማለት አይደለም። ግን በሙያዋና በልጇ መካከል 30 ኪሎ ሜትር አልተዘረጋባትም።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ለወጣት እናት ሥልጠና መስጠት ግማሽ መንገድ ነው። ቀሪው ግማሽ ሥራውን ወደ ልጁ ማቅረብ ነው፤ ካልሆነም ልጁን ወደ ሥራው ማቅረብ። የልብስ ስፌት መኪና አስረክቦ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ልጁ የት እንደሚውል ሳይጠይቁ መሄድ ሪፖርት ያሞላል እንጂ ቤት አያሞላም።

መሠረቱ በሕግ ተጥሏል። የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። ማቆያው ለፌዴራል ሠራተኛ ልጅ አስፈላጊ ከሆነ ለገንዘብ ተቀባይዋ፣ ለፀጉር ሠሪዋና ለሠልጣኟ ልጅ ለምን ቅንጦት ይሆናል? የሙያ ማሠልጠኛ ባለበት ግቢ ሁሉ አንድ ክፍል፣ ምንጣፍ፣ ንጹሕ ውኃና በደመወዝ የተቀጠሩ ሁለት ሴቶች ቢኖሩ አገር አይከስርም። እንዲያውም እነዚያ ሁለት ሴቶችም አዲስ ሥራ አገኙ ማለት ነው። ፍርድ ቤቶችም የቀለብ ጉዳይን እንደ ማንኛውም የብድር ክርክር ከሚያስተናግዱት፣ ሕፃኑ ዛሬ ምሳ እንደሚበላ አስበው ቢያፋጥኑት ትልቅ ነገር ነው።

«መንግሥት በጦርነት ተጠምዶ ሳለ ማቆያ?» ለሚል ደግሞ መልሱ ከገበሬው ጓዳ ይገኛል። ገበሬ አጨዳ ሲደርስበት ደቦ ይጠራል። ጎረቤቱ ማጭዱን ይዞ ይመጣል፤ እሱም ተራው ሲደርስ ይሄዳል። ደቦ የጠራን ገበሬ «ሰነፍ ነው፣ ብቻውን ማጨድ አቃተው» ያለ ሰው የለም። ለእህል ደቦ ያላት አገር ለልጅ ደቦ እንዴት አጣች? አምስት እናቶች በሳምንት አንድ አንድ ቀን ተራ ቢይዙ አምስቱም አራት አራት ቀን ይሠራሉ። ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል የኖረው ለዚህ ነው።

ለዚህ ግን በመጀመሪያ አንደበት መስተካከል አለበት። «ሴት ያሳደገው» የሚለው ስድብ ዛሬም ከአፍ አልጠፋም። ጎንደር ላይ ሆኖ ይህን የሚል ሰው ቀና ብሎ ቁስቋምን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1730 ዐፄ በካፋ ሲሞቱ እቴጌ ምንትዋብ ወጣት ነበሩ፤ ልጃቸው ኢያሱም ገና ሕፃን ነበር። ባል የሞተባቸው እናት ከልጃቸው ጋር ዘውድ ጭነው፣ ልጅም አገርም ያዙ። ታሪኩ ሲተረክ ብልኀታቸውና ጥንካሬያቸው ይወደሳል። ነገር ግን እቴጌዪቱም ብቻቸውን አልነበሩም። የቋራ ወገኖቻቸው፣ ከሁሉም በላይ ወንድማቸው ወልደ ልዑል፣ ከጎናቸው ቆመው ነበር። ንግሥት እንኳ ወገን ካስፈለጋት የኮሶዬዋ ገንዘብ ተቀባይ ብቻዋን እንድትችለው መጠበቅ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ያቺ ወጣት አሁን በሙከራ ጊዜዋ አጋማሽ ላይ ናት እንበል። ነገ ጠዋት ከኮሶዬ ስልክ ይደወላል፤ ልጁ አተኩሶታል። ከሄደች ሥራዋን፣ ከቀረች እንቅልፏን ታጣለች። በዚያ ሰዓት «ጠንካራ ነሽ» የሚላት ሰው አይጠቅማትም። የሚጠቅማት «አንቺ ሥራሽን ሥሪ፣ ልጁን እኔ ጤና ጣቢያ እወስደዋለሁ» የሚላት አንድ ጎረቤት፣ «ዛሬን ሂጂ፣ ነገ ትተኪዋለሽ» የሚላት አንድ አሠሪ፣ ልጇን ከሥራዋ አጠገብ የምታውልበት አንድ ክፍል ነው።