ማሽኑን እንደ ጠገራ ብር ፈትሹት

ወገን፣ ሥራ የፈታ ምሩቅ ስልኩን ከመነካካት ሌላ ምን አለው? ሰሞኑን አንዱን የሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያ ስለ ይፋግ በአማርኛ ጠየቅኩት። ወስዶ ጎጃም አስቀመጠልኝ! የገረመኝ መሳሳቱ ሳይሆን ሳያፍር መናገሩ ነው። ሊቦ ከምከምን የማያውቅ ልጅ አምኖ ለአሳይመንት ይገለብጠዋል። አያቶቻችን እኮ ጠገራ ብር ሲቀበሉ የማሪያ ቴሬዛን ፈርጥ ቆጥረው ነበር።

በ2018 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩና ከጋና ቤተሰብ የተገኘችው ጆይ ቡኦላምዊኒ፣ ፊት አይተው ፆታ የሚለዩ ፕሮግራሞችን ፈተሹ። የሩዋንዳ፣ የሴኔጋልና የደቡብ አፍሪካ የፓርላማ አባላትን ፎቶ ከፊንላንድ፣ ከአይስላንድና ከስዊድን ጎን አቀረቡ። ቆዳቸው ነጣ ባለ ወንዶች ላይ ስህተቱ ከ1 በመቶ በታች፣ ጠቆር ባለ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ! ጉዱ የወጣው ጎን ለጎን ሲታይ ነው።

ስለዚህ የደብረ ታቦር ተማሪ ከናይሮቢና ከሄልሲንኪ እኩዮቹ ጋር በኢንተርኔት ተገናኝቶ ይማር። አንዱን ጥያቄ ሁሉም በየቋንቋው ይጠይቅ፣ መልሱን ያነጻጽር፣ ምንጩን ይፈልግ። ኔትወርክ የለም አትበሉኝ፤ ቪዲዮ ባይሠራ በጽሑፍ ይሆናል። እኔ አራት ዓመት ስማር «ይህን ከየት አመጣኸው?» ያለኝ የለም። ለአማርኛ እሞታለሁ የምትሉ፣ ዛሬ ማታ ስለ ቀበሌያችሁ ጠይቁትና ስህተቱን ኮመንት ላይ አስቀምጡልኝ።