የምድጃን ሽቦ ራስ ጠምጥሞ መሥራት ይሻላል ወይስ የተዘጋጀውን መግዛት?

በኪራይ ቤት የሚኖር ተማሪም ሆነ ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ የሚቸገርበት አንድ ነገር አለ። ይኸውም ወሩ ሳያልቅ፥ ኪስ በሳሳበት ሰዓት፥ የኤሌክትሪክ ምድጃው ሽቦ ብጥስ ማለቱ ነው። በዚህ ጊዜ ሦስት መንገድ ይታያል፤ የተበጠሰውን ቀጥሎ መጠቀም፥ ያልተጠመጠመ ሽቦ ገዝቶ በራስ እጅ መጠምጠም፥ ወይም ተጠምጥሞ የተዘጋጀውን መግዛት።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሁለተኛውን መረጠ። «ወፍራም ሽቦ ይበረክታል» ብሎ ከቀድሞው ሁለት እጥፍ የሚወፍር ገዛና በዚያው ርዝመት ልክ በእርሳስ ላይ ጠምጥሞ ከምድጃው ቦይ ውስጥ አስገባው። ስፒናውን ሲሰካ ሶኬቱ ጨሰ፤ የግቢውም መብራት ድርግም አለ። የቤቱ ባለቤት እትዬ የልጅ ልጃቸውን እንዳቀፉ በጨለማ ወጥተው፥ «ልጄ፥ ቤቴን ልታቃጥልብኝ ነወይ?» ቢሉት የሚመልሰው አጣ።

ነገሩ የዕድል ሳይሆን የስሌት ነው። ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1827 እንደ ገለጠው፥ የኤሌክትሪክ ፍሰት በግፊቱ ልክ ይጨምራል፤ በሽቦው ተቃውሞ ልክ ደግሞ ይቀንሳል። በአገራችን የቤት መብራት ግፊት 220 ቮልት ነው። ስለዚህ የ1000 ዋት ምድጃ ሽቦ 48 ኦም ያህል ተቃውሞ ኖሮት 4.5 አምፔር ይስባል። የሽቦው ውፍረት እጥፍ ሲሆን ግን ተቃውሞው ወደ ሩብ፥ ማለት ወደ 12 ኦም ይወርዳል። እንግዲህ የባልደረባዬ ምድጃ 18 አምፔርና 4000 ዋት መሳብ ጀምሮ ነበር። ይህ ከትልቅ የእንጀራ ምጣድ የማያንስ ጭነት ነው፤ የአንዲት ክፍል ቀጭን መስመርም አይችለውም።

የተበጠሰውን መቀጠልስ? ሽቦው በመቀጠል ምክንያት አንድ አሥረኛ ቢያጥር ፍሰቱ ወደ 5 አምፔር ይወጣል። ያጠረው ሽቦ የበለጠ ሙቀት ስለሚሸከም፥ በእያንዳንዱ ስንዝር ላይ ከ20 በመቶ በላይ ትርፍ ሙቀት ያርፍበታል። መጋጠሚያውም ከላላ እዚያው ይግላል፥ እዚያው ይበጠሳል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፥ ለዛሬ እራት ይበቃ ይሆናል እንጂ አይሰነብትም።

ማናቸውም ሽቦ ደግሞ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የምድጃ ሽቦ በተለምዶ ኒክሮም የሚባል የኒኬልና የክሮሚየም ቅልቅል ነው። አሜሪካዊው አልበርት ማርሽ በ1906 የፈጠራ መብት ያገኘበት ይህ ብረት ሲግል በላዩ ስስ ልባስ ያበጃል፤ ልባሱም አየር ውስጡን እንዳይበላው ይጠብቀዋል። መዳብ ወይም የአጥር ሽቦ ይህን አያደርግም።

እንግዲህ ፍርዱ ምንድን ነው? ቴስተር ያለውና መለካት የሚያውቅ ሰው ራሱ ቢጠምጥም መልካም ነው፤ ገንዘብ ይቆጥባል፥ ትምህርትም ያገኛል። ነገር ግን ውፍረቱ ከቀድሞው ጋር እኩል ይሁን፤ ተቃውሞው ሳይሰካ በፊት ይለካ፤ ጥቅልሉ ሳይነካካ በእኩል ርቀት ይዘርጋ። በተጠጋጋበት ቦታ ሙቀት ይከማቻልና። ቴስተር የሌለው ግን የተዘጋጀውን ይግዛ። የሚገዛው ሽቦውን ብቻ ሳይሆን የሌላውን ሰው ልኬት ጭምር ነው፤ ስለዚህ ቮልቱና ዋቱ ከምድጃው ጋር መስማማቱን ሳያይ ገንዘቡን አይክፈል።

ከሁሉም በፊት ስፒናው ይነቀል፤ ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ባልደረባዬ ከደመወዙ አዲስ ሶኬትና የተዘጋጀ ሽቦ ገዝቶ እትዬን ይቅርታ ጠይቋል። በወፍራም ሽቦ ሊያተርፍ ያሰበው ገንዘብ ከዚህ ያነሰ ነበር።